«ህንድ? ምን አሟቸው ነው?»

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ቡና ላይ፣ ሁለተኛው ስኒ እየዞረ ሳለ አባቴ «ህንድ ልሄድ ነው» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጎረቤታችን ስኒዋን አስቀምጣ ወደ እናቴ ጠጋ አለችና «ውይ በሞትኩት፣ ምን አሟቸው ነው?» አለቻት።

ምንም አላመመውም። አባቴ 63 ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ በእግሩ ዞር ዞር ብሎ ይመለሳል። ህንድ የሚሄደው ለማየት ነው። በቃ፣ ለማየት። ለስድስት ሳምንት።

ይህን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እህቴ «ቆይ፣ ማን ሊያስታምምህ?» አለች፤ የበሽታው ነገር አሁንም አልወጣላትም። ወንድሜ በዚያው ምሽት በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሰው እንደ ንብ የሰፈረበት የሙምባይ ባቡር ቪዲዮ ላከ፤ ከሥሩም «አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ነው የምትገባው?» ብሎ ጻፈ። እኔም ከእነሱ አልተሻልኩም። ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ? «በዚህ ብር ሌላ ምን ይሠራ ነበር» የሚል ሰንጠረዥ በስልኬ ሠርቼ አሳየሁት። የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የውኃ ታንከር፣ የወንድሜ ሠርግ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ «ጥሩ ነው። እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ሳምንት ሳስብበት ከረምኩ።

ሦስቱ የተፈቀዱ ጉዞዎች

እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በእኛ አገር ከ60 ያለፈ ሰው ባሕር ማዶ ሲሄድ ማንም የማይጠይቃቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ሕክምና ነው። ሁለተኛው ኢየሩሳሌም ወይም መካ። ሦስተኛው አሜሪካ ወይም ካናዳ ያለች ልጅ ስትወልድ ሊያርሷት፣ ከዚያም ሕፃኑን ሊጠብቁ። አዛውንቶቻችን የሚሄዱት ወይ ለሐኪም፣ ወይ ለፈጣሪ፣ ወይ ለልጅ ልጅ ነው። «ደስ ስላለኝ» ብሎ ጡረተኛ ከተነሳ ግን ቤተሰብ ስብሰባ ይጠራል።

የሚገርመው፣ ከቤታችን መጀመሪያ አባቴን የደገፈችው እናቴ ናት። «እኔ ኢየሩሳሌም ስሄድ ማን ጠየቀኝ?» አለች። እውነቷን ነው። ማንም አልጠየቃትም። ጭራሽ መርቀን፣ ነጭ አልብሰን፣ ኤርፖርት ድረስ ሸኘናት። ለትንሣኤ ጎልጎታ ያለውን ግፊያ ስታወራ «አንድ ጫማዬን እዚያው ነው የተውኩት» ብላ እየሳቀች ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሐጅ ያደረጉ አዛውንትም አሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. ለሐጅ የተሰበሰበው ሰው ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ያውም ከባድ ሙቀት ውስጥ። ለእሳቸውም «አላህ ይቀበልዎት» አልን እንጂ «ሕዝቡ ይበዛል፣ ይቅርብዎት» ያላቸው የለም።

ስለዚህ የሕዝቡ ብዛት ሰበብ ነው። የከበደን አንድ ሽማግሌ ሰው ለራሱ የሆነ ነገር መፈለጉ ነው።

በ30 ሰከንድ የምናውቃት አገር

ብዛቱ ቀልድ ነው እያልኩ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት በ2023 እ.ኤ.አ. ህንድ ቻይናን በልጣ በዓለም አንደኛ መሆኗን ገልጿል፤ የሕዝቧ ቁጥር ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ነው። የቆዳ ስፋቷ የእኛን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፤ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚኖረው ሰው ደግሞ ከእኛ በግምት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አዎ፣ ይጨናነቃል።

ግን ይህን የምንነግረው ለማን ነው? ጥምቀትን በየዓመቱ ጃን ሜዳ ለሚያከብር፣ አንበሳ አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሥራ ለገባ፣ 80 ተማሪ በአንድ ክፍል ላስተማረ ሰው! ወረፋ፣ ግፊያና ትዕግሥት የሚባል ፈተና ቢኖር ወላጆቻችን ሰቃይ ናቸው። ታክሲ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ የምንነጫነጨው እኛ ነን።

ደግሞ ወንድሜ ስለላከው ቪዲዮ ልናገር። የውጭ ሰው «ኢትዮጵያ» ሲባል የ77ቱን ድርቅ ምስል ብቻ ሲያነሳ ደማችን ይፈላል አይደል? «አገራችንን አታውቋትም» እንላለን። እኛስ ህንድን በምን እናውቃታለን? በቲክቶክ የባቡር ቪዲዮ፣ በመንገድ ዳር ምግብ ቪዲዮ፣ ቢበዛ በፊልም። በ30 ሰከንድ ቪዲዮ 1.4 ቢሊዮን ሰው ላይ ፈረድን።

አባቴ ህንድን የሚያውቃት በሌላ መንገድ ነው። እሱ ተማሪ በነበረበት ጊዜ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ህንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ብዙዎቹ ከደቡባዊቷ የኬረላ ግዛት የመጡ ናቸው። የሂሳብ መምህሩም ከዚያው ነበር። እስካሁን የማባዣ ሰንጠረዥ ሲጠራ የእሱን አነጋገር ይኮርጃል። «ሰውዬው አገሩን ጥሎ መጥቶ ገጠር ውስጥ አስተማረኝ። እኔ ደግሞ አገሩን አይቼ ብሞት ምን አለበት?» ይላል።

ሌላም ምክንያት አለው። ማሊክ አምባር የሚባል ሰው ታውቃላችሁ? በ1548 እ.ኤ.አ. ገደማ እዚህ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሸጦ፣ በየመንና በባግዳድ አልፎ ህንድ የገባ ባሪያ ነበር። እዚያ ጦር መሪ ሆነ፤ ከዚያም የአሕመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆኖ የሙጋል ነገሥታትን ጦር ለዓመታት አስቸገረ። ዛሬ ትልቅ ከተማ የሆነችውን፣ ለረጅም ዘመን አውራንጋባድ ስትባል የኖረችውን ከተማ በ1610 እ.ኤ.አ. የቆረቆራት እሱ ነው። በ1626 ሞቶ የተቀበረው በአቅራቢያዋ ባለችው ኩልዳባድ ነው። ከመቃብሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ኤሎራ አለች፤ ከላይ ወደ ታች ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ የካይላሳ ቤተ መቅደስ ያለባት። ላሊበላን አርባ ጊዜ ላስተማረ የጂኦግራፊ መምህር ይህን «አትይ» ማለት ይቻላል?

ወደ ሰሜን ምዕራብ አሕመዳባድ ላይም በ1573 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ፣ ሲዲ ሰይድ የተባለ ሐበሻ ያሠራው መስጊድ አለ፤ እንደ ጥልፍ በተፈለፈሉ የድንጋይ መስኮቶቹ የታወቀ ነው። ኬረላ ውስጥ ደግሞ ከእኛ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ የሆነች ጥንታዊ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለች። እንግዳ አገር የምንላት አገር ውስጥ የእኛ ሰዎች አሻራ ለዘመናት ተቀምጧል። ይህን ሁሉ የነገረኝ አባቴ ነው፤ እኔ ስልኬ ላይ ያረጋገጥኩት በኋላ ነው።

የብሩ ነገር

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። እውነቱን እንነጋገር፤ በእኛ ጡረታ ህንድ ይኬዳል?

በጡረታ አበል ብቻ አይኬድም። የጡረታው ቀመር እንዲህ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ፣ ጣሪያው 70 በመቶ። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የነበረ፣ 35 ዓመት ያገለገለ መምህር ብንወስድ 61.25 በመቶ ያገኛል። ማለትም በወር 6,125 ብር። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ይህ 107 ዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ 100 ብርን ሲሻገር ያው 6,125 ብር ከ62 ዶላር በታች ወረደ። ሰውዬው ምንም አላጠፋም። 35 ዓመት የሠራበት ገንዘብ በሳምንታት ውስጥ ለውጭ ጉዞ ያለው አቅም ወደ ግማሽ ተጠጋ።

አባቴ የሚሄደው በዕቁብ ነው። ጡረታ እንደወጣ ጀመረ፤ የቤት ለቤት ጥናት እያስጠና ይጥል ነበር። ሲጀምር ሐሳቡ ሦስት ወር መቆየት ነበር። ዶላሩ ሲዘል ሦስት ወሩ ስድስት ሳምንት ሆነ። ለእኛ አልነገረንም። አንድ ደብተር ነበረችው፤ በእርሳስ «3 ወር» ተሰርዞ «2 ወር»፣ እሱም ተሰርዞ «6 ሳምንት» ይላል። ይህን ያየሁት ሰንጠረዤን ካሳየሁት በኋላ ነው። ያኔ አፈርኩ።

ምክንያቱም እኔ የሠራሁት ስሌት ስህተት ነበረበት። ትምህርት ቤት «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ሲሉን አንዱን ስትመርጥ የምትተወው ነገር ዋጋ ማለት ነው። እኔ የቆርቆሮውን ዋጋ ቆጠርኩ፤ የጊዜውን አልቆጠርኩም። በአገራችን 60 ዓመት የደረሰ ሰው በአማካይ ከ15 ዓመት በላይ ይኖራል። ግን ዓመቶቹ እኩል አይደሉም። ደረጃ የሚወጣበት ጉልበት፣ ሳይደገፍ የሚሄድበት እግር፣ ጽሑፍ የሚያነብበት ዓይን ያለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ቆርቆሮውን እኔ በሁለት ዓመት ልገዛው እችላለሁ። የ63 ዓመት ጉልበቱን በ73 ዓመቱ ማንም አይገዛለትም።

እህቴ የፈራችው ትክክል ነው

እህቴን እንደ ክፉ እንዳታይዋት። «እዚያ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል?» ስትለው ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ ነበር። እሱም «እዚህስ ብወድቅ? ቀን ቀን ሁላችሁም ሥራ ናችሁ» አላት። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፍርሃቱ ውስጥ እውነት ስላለ ተቀምጠን በየተራ አየነው። ያገኘነው ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል፤ እነሆ።

ጤና። ከኢትዮጵያ ህንድ ለሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። የሌለው ሰው እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። ካርዱ የሚያገለግለው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ ለዕድሜ ልክ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ልጆች የማያውቁት ነገር አለ፦ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ሰው ላይ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ከወጣቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ ክትባት፣ ቲኬት መጨረሻ። የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ለሙሉ ጊዜው የሚበቃ ተይዞ፣ የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም ከተጻፈበት የሐኪም ወረቀት ጋር በእጅ ሻንጣ ይገባል። የጉዞ ኢንሹራንስም «ካለ ጥሩ ነው» የሚባል ነገር አይደለም።

ወቅት። ሰሜን ህንድ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ክረምቱም ከእኛው ክረምት ጋር ይገጥማል። ኅዳር አካባቢ ደግሞ ደልሂን ጭስና ጉም ይሸፍናታል። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ላረጀ ደገኛ ሙቀቱ ከሕዝቡ ይብሳል። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ደቡቡን አስቀድሞ። እናቴ «ገናን ያለ እሱ?» ብላ ቅር ብሏታል፤ ገና እየተደራደሩ ነው።

ምግብ። ታኅሣሥ ደግሞ ጾም ነው። ህንድ ውስጥ ሥጋ የሌለው ምግብ ሞልቷል፤ በታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ ሥጋ የለውም ማለት ነው። ግን ልብ በሉ፣ ወተትና ቅቤ ይኖረዋል። ለእነሱ «ሥጋ አልበላም» እና የእኛ «ጾመኛ ነኝ» አንድ አይደሉም። ስለዚህ አባቴ በእንግሊዝኛ «ወተት የለበትም፣ ቅቤ የለበትም» የሚል ካርድ በኪሱ ይይዛል። ውኃ ደግሞ የታሸገ ብቻ።

ገንዘብና ስልክ። እዚያ ሻይ ሻጩ ሳይቀር በኪውአር ኮድ ይቀበላል፤ ሥርዓቱ ግን በአብዛኛው ከህንድ ባንክ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ቴሌብራችን እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ከባንክ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ምንዛሪ፣ ከፋፍሎ መያዝ፣ ትናንሽ ሩፒ በኪስ። ሲም ካርድ ለማውጣት ፓስፖርትና ፎቶ ይጠየቃል።

ማጭበርበር። ኒው ደልሂ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ለውጭ አገር ሰዎች ቲኬት የሚሸጥ ቢሮ አለ። ደላሎቹ በሩ ላይ ሆነው «ቢሮው ተዘግቷል፣ ተቃጥሏል፣ ና ወደ ሌላ ልውሰድህ» ይላሉ። የታወቀ ዘዴ ነው። መርካቶ ላደገ ሰው አዲስ አይደለም፤ ቀድሞ ካወቀው አይታለልም። ቪዛም ላይ እንዲሁ፦ የህንድ መንግሥት ድረ ገጾች አድራሻ መጨረሻው «ገቭ ዶት ኢን» ነው፤ ከዚያ ውጪ ያለውን በጥርጣሬ ማየት ነው።

አኗኗር። ረጅም ጉዞ ማለት በየቀኑ ከተማ መቀየር አይደለም። ሁለት ቦታ ተመርጦ እያንዳንዱ ጋ ሁለት ሦስት ሳምንት መቀመጥ። ክፍል በሳምንት ሲከራዩት በቀን ከሚከራዩት ይረክሳል፤ ጉልበትም ይቆጥባል። ሰፈሩ ይለምድሃል። ህንዶች ትልቅ ሰው «አንክል» ብለው ነው የሚጠሩት፤ እኛ «ጋሼ» እንደምንለው። በሦስተኛው ቀን ሻይ ቤቱ ያውቀዋል፤ በአምስተኛው ቀን ካልታየ «አንክል የት ሄደ?» ይባላል። ለእህቴ ጥያቄ ግማሽ መልስ ይህ ነው።

እኛ ጠባቂ ሆንን

ለእናንተ፣ ይህን በስልካችሁ ለምታነቡት፣ አንድ ነገር ልበል። የወላጆቻችን ዓለም ቁልፍ ያለው እኛ እጅ ነው። ቪዛ የሚሞላው፣ ቲኬት የሚፈለገው፣ ሆቴል የሚያዘው፣ ባንክ የሚከፈለው በዚህች ስልክ ነው። እነሱ «ልጄ፣ እስቲ እይልኝ» ሲሉን እኛ «ኧረ ይቅርብህ» እንላለን። አንዳንድ ኤምባሲ ቪዛ ሲከለክል ምክንያቱን ይጽፋል፤ እኛ የምንከለክለው «አይመችህም» ብለን ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አንመልስም፤ «እሺ አያለሁ» ብለን እንረሳዋለን። አባቴ ስለ ህንድ ቪዛ መጀመሪያ የጠየቀኝ ከዓመት በፊት ነበር። «እሺ አያለሁ» ነበር መልሴ።

ገንዘብ የለንም ብንል ይገባኛል። አብዛኛው ጡረተኛ ለህንድ ቀርቶ ለአዋሳም አይተርፈውም፤ ይህን ክጄ የምጽፈው አይደለም። ግን ጥያቄው ለአዋሳም ይሠራል። አባትህ አክሱምን አይቶ ያውቃል? እናትሽ ባሕር ላይ ጀልባ ውስጥ መቀመጥ አምሯት ያውቃል? የት መሄድ እንደሚፈልጉ ጠይቀናቸው እናውቃለን? እኔ 26 ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ሦስት ሳምንት ድረስ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ከእንግዲህ የእኔ ሥራ ጠባቂነት አይደለም፤ ረዳትነት ነው። ሥራ ተከፋፍለናል። እህቴ የሐኪሙን ቀጠሮና የመድኃኒቱን ወረቀት ይዛለች። ወንድሜ ስልኩ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ጭኖለት እያለማመደው ነው፤ የባቡር ቪዲዮ መላኩን ትቷል። እኔ ቪዛውንና ማደሪያውን ይዣለሁ። ከአባቴ ጋር የተስማማነው ሦስት ነገር ነው፦ ማታ ማታ ይደውላል፤ ኒው ደልሂ ያለው ኤምባሲያችን ስልክና አድራሻ በወረቀት ኪሱ ውስጥ ይሆናል፤ ካልተመቸው ደግሞ ሳያፍር ይመለሳል። ሦስተኛዋን ስንናገር ሳቀ። «እናንተ ኮሌጅ ስትገቡ እኔ ያልኳችሁን ነው የምትሉኝ» አለ።

ጎረቤታችን ግን እስካሁን አላመነችም። ባለፈው እሑድም «ይንገሩኝ እንጂ፣ የልብ ነው የኩላሊት?» ስትለው ሰማሁ።

ሰንጠረዡን ግን አልደመሰስኩትም። ከቆርቆሮው፣ ከታንከሩና ከሠርጉ በላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «አባዬ» የሚል። እናንተም ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጣችሁ አንድ ጊዜ ጠይቋቸው፦ የት ማየት ትፈልጋላችሁ? መልሱን ስትሰሙ «ምን አሟቸው ነው?» እንዳትሉ ብቻ።